ገና የተባለ ዘር

ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት አርባ አንድ ወረቀቶች አሥራ ሰባቱ «የግንዛቤ እጥረት» ይላሉ፤ ዘጠኙ «የቅንጅት ጉድለት»፤ ስድስቱ «የክትትል ማነስ»። አንዱ ላይ «አመለካከት» ብቻ ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ሳምራዊት ቆጥራ ስትጨርስ የማርከሩን ክዳን ገጠመች፤ መልሳ ከፈተች፤ መልሳ ገጠመች።

ያዘዘቻቸው እንዲህ አልነበረም። አንድ ወረቀት ላይ አንድ ነገር፣ ያውም በዓይናችሁ ያያችሁትን፣ በእጃችሁ የነካችሁትን ብቻ ጻፉ ብላ ነበር። አሥራ አራት ሠራተኛ በሐምሌ የሮቤ ብርድ ጃኬቱን ሳያወልቅ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተቀምጦ ጻፈ። የጻፈው ግን ያየውን ሳይሆን ሃያ ዓመት በየስብሰባው ሲሰማ የኖረውን ነው። እነዚህ ቃላት እንደ ሰፊ ካፖርት ናቸው፤ ለማንም ይሆናሉ፣ ከውስጥ ማን እንዳለ ግን አያሳዩም።

«እንግዲህ ችግሩ ተለየ» አሉ የገበሬ ማኅበራት ዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኃይለመስቀል ሰዓታቸውን እያዩ። «የቀረው ማን እንደሆነ ማስቀመጥ ነው።»

«የምንፈልገው ምን እንደሆነ ነው፣ አቶ ኃይለመስቀል።»

«ምን እንደሆነማ ይታወቃል፣ ዶክተር። ዘሩ ተሳስቶ ሄደ። ማን አሳሳተው ነው ጥያቄው።»

ዶክተር አለመሆኗን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ነግራቸዋለች። ሦስቱንም ጊዜ «መሆንሽ አይቀርም» ብለው አልፈዋታል።

የዘሩ ነገር ሲያወሩት አጭር ነው። በባሌ ደጋ ስንዴ በዓመት ሁለቴ፣ በመጋቢትና በነሐሴ ይዘራል። የመጋቢቱ ወቅት ጠባብ ስለሆነ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ይፈልጋል፤ የነሐሴው ሰፋ ስለሚል ዘግይቶ የሚደርሰውንም ይችለዋል። ዩኒየኑ ባለፈው መጋቢት ከጎባ በላይ ላሉ ሦስት የገበሬ ማኅበራት የላከው የነሐሴው ዘር ሆኖ ተገኘ። ሐምሌ ገብቶ ጎረቤት ማጭዱን ሲስል የእነሱ ስንዴ ገና አረንጓዴ ነበር፤ እንደቆመ ዝናብ ወረደበት፤ ዋግ በላው።

ጣት የተቀሰረው በመጋዘን ኃላፊው በኦቦ ከማለዲን ላይ ነው። ዘሩ በተጫነበት ሳምንት ቁልፉን ለረዳታቸው ለቦሩ ሰጥተው እህታቸውን ሊቀብሩ ጊኒር ሄደው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል፤ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቷቸዋል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። የስንብት ደብዳቤው ተረቅቋል። የጎደለው ከጀርባው የሚያያዘው የሳምራዊት ሪፖርት ብቻ ነው፤ «የዕውቀት አያያዝ አማካሪ» ተብላ የተቀጠረችው እሷ ስለሆነች፣ ስንብቱ የዕውቀት ማስረጃ ይኑረው ተባለ።

ሳምራዊት የጎባ ልጅ ናት፤ ወይም ነበረች። ስምንት ዓመቷ ላይ አባቷ ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ፤ ከዚያ እሷ ሆላንድ ሄደች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት የሚያውቀውን ነገር እንዴት እንደሚያውቅ፣ የማያውቀውን ደግሞ ለምን እንደማያውቅ ተማረች። መምህሯ ሰው ከሚናገረው የበለጠ ያውቃል፣ የእናንተ ሥራ ያልተነገረውን ማውጣት ነው ይሏቸው ነበር። እዚያ ሰዎች ወረቀት ሲሰጧቸው ይከራከራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ያወጣሉ። እዚህ ይስማማሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ከሁሉም ጋር ተስማምታ ከማንም አንድ ነገር አላገኘችም። ማታ ማታ አክስቷ ቤት ጎባ ስትገባ፣ የተማርኩት ለእነዚያ ሰዎች ብቻ የሚሠራ ይሆን እንዴ እያለች ከራሷ ጋር ትሟገታለች።

ማክሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ሮቤ ገባችና ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ኦቦ ከማለዲን በር ላይ ተቀምጠው ባዶ ጆንያ እያጠፉ ይደረድራሉ። የሚባረሩ ሰው አይመስሉም፤ የሚባረር ሰው ጆንያ በልክ በልኩ አያጥፍም።

«አካም ቡልተን» አለች፤ ከአክስቷ የተማረችው ነው። እሳቸው በኦሮምኛ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ቤቷ፣ ስለ ዝናቡ አከታትለው ጠየቋት። ሦስተኛው ላይ ጠፋት። ፈገግ ብለው ወደ አማርኛ ተመለሱላት።

እንደተማረችው ጠየቀቻቸው፤ አቋርጣ ሳትገባ፣ መልስ ሳታስቀድም፣ የዚያን ሳምንት ታሪክ ከመጀመሪያው እንዲነግሯት። ነገሯት። እህታቸው በስንት ሰዓት እንዳረፈች፣ መርዶውን ማን እንዳመጣ፣ መኪናው የት እንደተበላሸ፣ ለቀብር ከየት ከየት ሰው እንደመጣ፣ የትኛው የአጎት ልጅ እንደቀረና ለምን እንደቀረ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሳምራዊት ደብተሯ ላይ በመጀመሪያ «ክስተት»፣ «ተዋናይ»፣ «ውሳኔ» ብላ ሦስት መስመር አስምራ ነበር፤ ጊኒር ሳይደርሱ መጻፉን ተወችው።

«ኦቦ ከማለዲን» አለች በመጨረሻ፣ ትዕግሥቷ እያለቀ፣ «ሰው ሁሉ እርስዎ ነዎት ይላል። እርስዎ ደግሞ አይደለሁም አይሉም። ለምን?»

«የሚጠይቀኝ ሲመጣ እናገራለሁ ብዬ ነዋ።»

«እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ እየጠየቅኩዎት ነው።»

«አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ? ታሪክ ንገረኝ አልሽኝ። ነገርኩሽ።»

ተነሣች። ካልተነሣች የማይገባ ነገር ልትናገር ነው። ወደ መጋዘኑ ውስጥ ገብታ በጆንያ ክምሮቹ መካከል ተንጎራደደች፤ እሳቸው ቀስ ብለው ተከተሏት። ሦስተኛው ክፍል እስከ ጣራው ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለወሬ ያህል፣ ይሄ ምንድን ነው አለች።

«እሱ ገና ነው።»

«እስካሁን? ሐምሌ እኮ ሊያልቅ ነው።»

«ቢያልቅስ? ገና ነው።»

«ከየካቲት ጀምሮ ስድስት ወር ሙሉ ገና? አንድ ዘር ማጣራት ይህን ያህል ይፈጃል?»

ኦቦ ከማለዲን ቆም ብለው አዩዋት። «አልተጣራም ያለው ማነው? መስከረም ላይ ተጣርቶ የገባ ነው።»

«አሁን፣ በዚህ ደቂቃ፣ ገና ነው አላሉኝም?»

«አልኩሽ። ገና ነው።»

ፊቷ ጋለ። እኚህ ሰውዬ ያሾፉባታል፣ ወይም አርጅተዋል፣ ወይም ሥራ አስኪያጁ ልክ ናቸው። ለሁለት ቀን ስትከላከልላቸው የቆየችው ለዚህ ነው? ቃል ፈልጋ አፏን ስትከፍት እሳቸው በጣታቸው ወደ በሩ በኩል ባዶውን ክፍል አሳዩ።

«ገና ይሄ ነው። በመጋቢት የጫኑት ደግሞ ከዚያ ነው፤ ቦናው።»

ቦና በኦሮምኛ በጋ ነው፤ ይህን ያህል ታውቃለች። በጋ ቦና ከሆነ ክረምቱ...

«ጋና» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምን እያልኩሽ ነው?»

ሰብሉ የሚጠራው በሚታጨድበት ነው ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሯት። በመጋቢት ተዘርቶ በክረምት የሚታጨደው ጋና። በነሐሴ ተዘርቶ በበጋ የሚታጨደው ቦና። ከአንዱ ጆንያ አፍ ላይ የተሰፋውን ካርድ ገልብጠው አሳዩዋት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ተለቅ ባለ ፊደል፣ «ገና» ይላል።

«ጋ ብለው መጻፍ ነበረብዎ እኮ» አለች፤ ወዲያውም አፈረች።

«ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ጽፌዋለሁ። እስከ ዛሬ ገና ደርሷል ብሎ ዱላ ይዞ ሊጫወትበት የመጣ የለም።»

ሳምራዊት ጆንያው ላይ ተቀመጠች። የካቲት ላይ አዲስ ቅጽ ያዘጋጀችው እሷ ናት። የቆየው ቅጽ የዝርያ ቁጥር፣ ብዛትና ክፍል ብቻ ነበረው፤ እሷ «ሁኔታ» የሚል ዓምድ ጨመረች። ቦሩ ካርዱ ላይ ያገኘውን ቃል እንዳለ ገለበጠበት። አራት መስመር «ተጣርቷል» አለ፤ ሦስት መስመር «ገና»። የተጣራውም ቦናው ነበር፤ በጥር ታጭዶ አዲስ ስለገባ ተጣርቷል ተባለለት። የጋናው ዘር ያኔ ከተጣራ ስድስት ወር ሊሆነው ነበር፤ ኦቦ ከማለዲን ይህን መጻፍ ፀሐይ ወጥታለች ብሎ እንደመጻፍ ነው የሚቆጥሩት።

ይባስ ብሎ እሷ ጠንቃቃ ናት። ያልተረጋገጠ ነገር አትጽፍም። ስለዚህ ስልክ ደወለች፤ ጊኒር ድረስ። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር፤ ከበስተኋላ ሰው ያለቅሳል። አሁን እያንዳንዱ ቃል ትዝ አላት።

ኦቦ ከማለዲን፣ ሦስተኛው ክፍል ያለው ገና ነው? ብላ ነበር።

ኤዬ፣ ገና ነው።

እርግጠኛ ነዎት?

ወላሂ ገና ነው።

አመስግና ዘጋች፤ ከሦስቱ መስመር ጎን «ከባለቤቱ የተረጋገጠ» ብላ ጻፈች፤ የተጣራው እንዲጫን፣ ያልተጣራው እንዲቆይ ሐሳብ አቀረበች። ያን ቀን በራሷ ኮርታ ነበር።

«በሐዘን ላይ እያሉ የደወልኩልዎ እኔ ነበርኩ» አለቻቸው።

«አንቺ ነበርሽ እንዴ?» ኦቦ ከማለዲን ሳይታሰብ ሳቁ። «ገና ነው ወይ ብላ እየደጋገመች ስትጠይቀኝ፣ ይቺ ልጅ ተሳስተው እንዳይጭኑ እየተጠነቀቀች ነው ብዬ ዱዓ አድርጌልሻለሁ እኮ።»

ቅጹን ይዛ ወደ ለሚ ሄደች። ለሚ የዩኒየኑ የሰብል ባለሙያ ነው፤ የእሷ እኩያ፣ ጥሩ ቀልደኛ። ከቅጹ ሥር ፈርሟል። ምንም ሳትነግረው እንዲያነበው ሰጠችው። ከላይ እስከ ታች አነበበና ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቃት። ሦስተኛው ክፍል ጋና ነው ይላል፣ ጋና ነው፤ ምን ጎደለ? ያን ቀን ሞተር ሳይክሉ ወንበር ላይ አስደግፎ ሲፈርም ምልክት የተደረገባቸው ሦስቱ መስመሮች የሚጫኑት መስለውት ነበር፤ መጋቢት ነዋ፣ ሌላ ምን ሊጫን ኖሯል? እሷ ያልተጣራ ብላ፣ እሱ ወቅቱ ነው ብሎ፣ በአንዲት ቃል ላይ ሁለቱም ፈረሙ። እንዲህ ስትለው ለሚ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ የማኅበራቱ ማሳ ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጠው። የዋጉን ማሳ እየዞረ ያየው እሱ ነው።

ረቡዕ ለአቶ ኃይለመስቀል ነገረቻቸው። ሳያቋርጡ አዳመጧት፤ ይህ በራሱ አስፈራት። ስትጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቦርዱ የሚጠብቀው ስም ነው፣ ዶክተር። እኔ ቃል ይዤለት ብሄድ ምን ያደርግበታል? ቃል ከሥራ አይሰናበትም።»

ስሙ የእኔ ነው አለቻቸው። እጃቸውን አወናጨፉ። አማካሪ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ጥፋተኛ ሲሆን የጋበዘው ይታማል፤ ውሏም በመስከረም ይታደሳል፣ ላይታደስም ይችላል። ደግሞስ ሰውዬው ቁልፍ ሰጥተው አልሄዱም? ሄደዋል። ሪፖርቷ ላይ «የመረጃ አያያዝ ክፍተት ታይቷል» ብላ ብትጽፍ ማን ዋሸሽ ይላታል? እውነት ነው፤ ክፍተት ታይቷል። ሰው ግን አልተነካም።

ከቢሮው ስትወጣ በጣም ያናደዳት ነገር አረፍተ ነገሩ ትክክል መሆኑ ነው። ሪፖርት አጻጻፍ ያስተማሯትም እንዲህ ነው፤ ሰው አይወቀስ፣ አሠራር ይመርመር። ሆላንድ ውስጥ ይህ ሕግ ትንሹን ሰው ለመጠበቅ የወጣ ነበር። እዚህ ትልቁ ሰው ተጠለለበት፤ ትንሹ ሰው ግን ሐሙስ ሊሰናበት ነው።

ሐሙስ ኮሚቴው አምስት ሆኖ ተቀመጠ። ኦቦ ከማለዲን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ሳምራዊት ተነሥታ ተናገረች፤ ካርድ አልለጠፈችም፣ የችግር ዛፍ አልሣለችም። ቅጹን አሳየች፣ ካርዱን አሳየች፣ የስልኩን ንግግር ቃል በቃል ነገረቻቸው። ከአምስቱ አራቱ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው፤ «ኤዬ፣ ገና ነው» ላይ ስትደርስ ሁለቱ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ አልታወቃትም።

«ታዲያ ማንን እንጻፍ?» አሉ አቶ ኃይለመስቀል።

«እኔን ጻፉ።»

የኮሚቴው ጸሐፊ መተዳደሪያ ደንቡን አገላብጦ፣ ደንቡ ስለ ቋሚ ሠራተኛ እንጂ ስለ አማካሪ ምንም እንደማይል አሳወቀ። ለሚ እጁን አወጣ፤ እሱም ፈርሞበታል፣ እሱ ደግሞ ቋሚ ነው። ይሄኔ ከአባላቱ አንዱ ቅጹን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ፣ እስከ ታች አነበበ። ከለሚ ፊርማ ሥር ሦስተኛ ፊርማ አለ፤ ክብ ማኅተም ያረፈበት። ሰውዬው ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጎ አቶ ኃይለመስቀል ፊት አቆመው።

ሥራ አስኪያጁ የገዛ ፊርማቸውን አዩና የሻይ ሰዓት ደርሷል አሉ።

ከሻይ በኋላ ስንብት የሚባል ነገር የሰማ የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ ኦቦ ከማለዲን በሥራቸው እንዲቀጥሉ ተወሰነ፤ ይህ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሁለት ሰዓት የፈጀው ቃሉ ወደፊት እንዴት ይጻፍ የሚለው ነበር። አንዱ «ጋና» ይባል አለ። ሌላው፣ እንዲያ ከጻፍነውማ ዘሩን አንድ ቀን አክራ ድረስ ይልኩታል አለ። በልግና መኸር ይባል የሚል መጣ፤ ገበሬው አይለውም የሚል ተነሣ። ሳምራዊት የሚዘራበትን ወር ጻፉት፣ መጋቢትና ነሐሴ በሉት ብላ ሁለት ጊዜ ተናገረች፤ የሰማት የለም። ሦስተኛ ጊዜ ለሚ ሲለው ግሩም ሐሳብ ነው ተብሎ ተመዘገበ። ጥርሷን ነከሰች።

ኮሪደሩ ላይ ውሳኔውን ለኦቦ ከማለዲን ነገረቻቸው። «አልሃምዱሊላህ» አሉ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሡም።

«ማኅበራቱስ ሰምተዋል?»

አልሰሙም፤ ደብዳቤ ይጻፍላቸዋል አለች።

«የእናንተ ደብዳቤ ከሮቤ አይወጣም፣ ልጄ። የኔ ስም ያለው እዚያ ላይ፣ ከጎባ በላይ ነው። ባለፈው ገበያ አንድ የማውቀው ሰው ሰላምታዬን ሳይመልስ አለፈ። ዘራችንን ለውጦ ሸጠው ነው የሚሉኝ። ሥራዬን መለሳችሁልኝ፤ ደግ። ስሜንስ ማን ይመልሰዋል?»

ቅዳሜ ማኅበራቱ ይሰበሰባሉ፤ አብራቸው እንድትወጣና በሰው ፊት እንድትናገር ፈለጉ። እሺ አለች፤ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እርስዎ ያስተረጉሙልኛል አለች።

«ሰው ለራሱ ምስክር ቆሞ ያስተረጉማል? ከዚያ ወዲያ ማን ያምነኛል። በኦሮምኛ ነው የምትናገሪው። አንድ አረፍተ ነገር ነው። በይ፤ ዶጎጎሪ ካን ኮቲ። ስህተቱ የኔ ነው።»

«ዶጎጎሪ ካን ኬቲ» አለች።

ኦቦ ከማለዲን ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሁን ስህተቱ የአንተ ነው አልሽው። ይደበድቡሻል። ኮቲ። ኮ።»

ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣችና እስክሪብቶውን ከፈተች። እጃቸውን ዘርግተው ገጹ ላይ አሳረፉት።

«ተይ፣ አትጻፊው። በአፍሽ ያዢው።»